የአሥራ አንድ ቁጥር ታርጋ

ሐሙስ፣ በጋው በገባ በሦስተኛው ሳምንት
ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር

ለቆቄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ደህና አይደለሁም። ደህና አይደለሁም ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ አውቅሃለሁ፤ ሁለተኛውን መስመር ሳታነብ መኪና ተራ ትሮጣለህ። ስለዚህ አስቀድሜ ልንገርህ፦ የሞተ የለም፣ የታመመም የለም፣ ጣራውም አላፈሰሰም። ልጅህ ግን ተራራ ላይ ናት፣ ጭጋጉ ወርዷል፣ እኔም እጄን የማሳርፍበት አጥቼ ብዕር አነሳሁ።

የዛሬ እራት የምስር ሾርባ፣ በምድጃ የተጠበሰ ዶሮ ከድንች ጋር፣ ከዚያ የፖም ኬክ ነው። ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ድንቹ ተልጧል፣ ዶሮው ቅመሙን ጠጥቶ ተራውን ይጠብቃል። ሥራ የያዘ ሰው አይጨነቅም ትለኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እጄ ሳያርፍ ስሠራ ዋልኩና ሥራው አልቆ ጭንቀቱ ብቻ ቀረ። ይኸው ንጹሑን መጥበሻ ሁለተኛ አጠብኩት።

ቆቄ የመሪነት ፈተናዋን እንዳለፈች ነግራሃለች። ያልነገረችህ፣ የሎጃችን ባለቤት አቶ ደንብ (ይኸው በጽሑፍ ሳይቀር በቅጽል ስሙ ጠራሁት) ያንተን ቦታ እንደሰጣት ነው። እንዳይከፋህ ፈርታ ነው የደበቀችህ። ያንተን የእንጨት ታርጋ፣ ጫማ የተሳለበትን፣ አሁን የምትሰቅለው እሷ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከታች ጫካው ድረስ ብቻ ነበር የምትወስዳቸው። ዛሬ ግን ዘጠኝ እንግዳ ይዛ ወደ ላይኛው ሐይቅ ወጣች፦ ሁለት አዲስ ተጋቢዎች፣ አንዲት እናት ከሁለት ጎረምሳ ልጆቿ ጋር፣ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ፣ እና ሦስት የባንክ ሠራተኞች። ከባንከኞቹ አንዱ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ተረከዙ ላይ የዋጋው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው የወጣው። ያንን ሳይ ጠዋት ስቄ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመለሳለን ብላለች። ስድስት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነበር፤ ስድስት ተኩል ላይ ከመስኮቴ ማዶ ያለው ጥድ ጠፋ። አሁን የምድረ ግቢውን አጥር እንኳ አላይም።

በየአምስት ደቂቃው እየተነሳሁ መመገቢያ ክፍሉ ያለውን የታርጋ ሰሌዳ አያለሁ። አሥር ቀይ ታርጋ ተደርድሯል፤ ዘጠኙ የእንግዶቹ፣ አንዱ የእሷ። ቀዩ ፊት ከታየ ሰውየው ወጥቷል፣ ነጩ ከታየ ገብቷል። ቁጥሩ የአልጋው ቁጥር ነው። ሁሉም ሰው የራሱን ታርጋ በራሱ እጅ ይገለብጣል። አንድ ቀይ እስካለ ድረስ የፊት በሩ አይቆለፍም፣ የበሩ መብራትም አይጠፋም። ይህን ላንተ መንገሬ ለቀባሪው አረዱት ሆነ፤ እንጨቶቹን የቆረጥካቸውም ቀለም የቀባሃቸውም አንተ፣ ደንቡንም ያወጣኸው አንተ። ግን ከጠዋት ጀምሮ ለራሴ የምደግመው እሱኑ ስለሆነ ከብዕሬ ወጣ።

የምጽፍልህ ግን በጭጋጉ ምክንያት ብቻ አይደለም። እሱን ብቻ ቢሆን በስልክ እነግርህ ነበር፤ ምንም እንኳ ስልኩ አቶ ደንብ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን፣ ምንም እንኳ አንተ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ፣ እዚህ ሁሉ ሜዳ ነው" ብለህ ቶሎ ብትዘጋው።

ዛሬ ጠዋት ስትወጣ ብርድ ነበርና ቆቄ ያንተን ጃኬት ፈለገች። ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ፣ አንተ የሰቀልክበት ሚስማር ላይ ዓመት ሙሉ እንደተንጠለጠለ ነው። አላጠብኩትም። ለምን እንዳላጠብኩት አትጠይቀኝ። ኪሱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው፦ ሲባጎ፣ ግማሽ ሻማ፣ የደረቀ የዳቦ ቅርፊት፣ እና በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ነገር። መሐረቡን ፈታችና ሳቀች። አሥራ አንድ ቁጥር ተገኘ ብላ ታርጋውን እጄ ላይ ጣል አድርጋልኝ፣ ጃኬቱን ደርባ ወጣች፤ እንግዶቹ በር ላይ ይጠብቋት ነበር።

እኔ ገልበጥ አደረግኩት። በነጩ ፊት ላይ፣ ከቁጥሩ ዝቅ ብሎ፣ የደረቀ የቲማቲም ድልህ አለ። የአውራ ጣት አሻራ ነው። አሻራውን ከዳር እስከ ዳር ድልህ ያልነካው አንድ ቀጭን መስመር አቋርጦታል። የቀኝ አውራ ጣቴን ታውቀዋለህ፤ የቆርቆሮ ክዳን የሰነጠቀውን፣ አንተ በሸሚዝህ ጠቅልለህ ሐኪም ቤት ያደረስከኝን።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ታርጋውን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ አሁንም እዚያው ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆነ። አልመጡም። ሩብ ሰዓት ምንም አይደለም፤ አንተም ብዙ ጊዜ ሩብ ሰዓት ታልፍ ነበር።

ያቺን ቀን ልንገርህ። አንተ በራስህ በኩል ታውቃታለህ፤ በእኔ በኩል ግን ሰምተሃት አታውቅም።

ባለፈው በጋ አሥራ ሁለት እንግዳ ይዘህ ወጣህ። አስተማሪው ከእነሱ አንዱ ነበር፤ ያ ወፍ ሲያይ ከሰው ኋላ የሚቀረው፣ ብዙውን ጊዜ ዳቦውን ይዞ ክፍሉ ገብቶ የሚበላ፣ ዝምተኛው ሰውዬ። አመሻሽ ላይ እንግዶቹ እየተንጠባጠቡ መግባት ጀመሩ። ጣራችን ከሚታይበት መገንጠያ ጀምሮ ፈጣኑ ቀድሞ እንዲወርድ ትፈቅድ ነበርና፣ አንተ ከእነዚያ ሽማግሌና ከባለቤታቸው ጋር ኋላ ቀርተሃል። እኔ ድልህ እያቁላላሁ ነበር። ሳህን ልደረድር ወጣ ስል ሰሌዳውን አየሁት፤ አሥራ አንድ ቁጥር ቀይ ነው። የጫማ መደርደሪያውን አየሁ፤ የአስተማሪው ቡናማ ጫማ፣ አረንጓዴ ክሩ እንደታሰረ፣ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። እነዚህ የተማሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ሲገልጡ ይውላሉ፣ አንዲት እንጨት መገልበጥ ያቅታቸዋል አልኩና ገለበጥኩለት።

ጠዋት ጫማው ጠቦት ከዕቃ ቤት የሎጁን ጫማ ተውሶ እንደወጣ በምን ልወቅ? ማወቅማ እችል ነበር። ክፍሉን ባንኳኳ አውቅ ነበር። ከወጥ ቤቱ እስከ አስተማሪው ክፍል አሥራ ስድስት እርምጃ ነው። በኋላ ቆጥሬዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ።

አንተ ገባህ፣ ሰሌዳውን አየህ፣ ሁሉም ነጭ ሆኗል። ልብህ ግን አላመነም። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመህ፣ ከቆብህ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ "ሁሉም ገብቷል?" አልከኝ። ዞሬ እንኳ አላየሁህም። ሁሉም ገብቷል፣ ተቀመጥና ብላ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው አልኩህ። በላህ። ደግመህ እንዳትወስድ የከለከልኩህም ትዝ ይለኛል፤ ለጠዋት ላስተርፍ ብዬ።

ያን ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት የአስተማሪው አልጋ እንደተነጠፈ ተገኘ። ቁርስ ሳትቀምስ ሮጥክ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ከአለት ሥር ተጣጥፎ አገኘኸው፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ነበር። በጀርባህ አወረድከው። ነፍሱ ተረፈች፤ ሦስት የእግር ጣቶቹ ግን አልተረፉም።

አቶ ደንብ ሁላችንንም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰብስቦ አሥራ አንድን የገለበጠው ማን ነው አለ። ልናገር ነበር። እመነኝ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። አንተ ቀደምከኝ። "ሰው የማወጣውም የማስገባውም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው" አልክ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላየህም። እኔም የከፈትኩትን አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ታርጋው የዚያኑ ዕለት ጠፋ። በግርግሩ ወድቆ ምድጃ ገብቶ ይሆናል ተባለ፤ ሚስማሩ ባዶውን ከረመ። በሦስተኛው ቀን አንተ ሻንጣህን አሰርክ። ሰው መቁጠር ያቃተው ሰው ተራራ አይመራም አልከኝ። እኔም አመንኩህ። ቆጠራው በእርግጥ የተምታታብህ መሰለኝ። ዓመት ሙሉ ውስጤን ሲበላው የኖረው ይህ ነው፦ ባሌ በራሱ ላይ እምነት ያጣው በእኔ እጅ ነው፤ አንድ ቃል ብናገር ይድናል፤ እኔም አልናገርም።

ለምን አልተናገርኩም? ለልጄ ብዬ፣ ለቤቴ ብዬ፣ ሁለታችንም ከተባረርን የት እንወድቃለን ብዬ። ለራሴ ያልነገርኩት ምክንያት የለም። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ የነቀዘ ዱቄት አይቼ የማላውቅ ይመስል ተቀበልኳቸው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላልም ይላሉ። የእኔ አልቀለለም። መጀመሪያ ነገ እናገራለሁ አልኩ፣ ከዚያ ሲረጋጋ አልኩ፣ ከዚያ ደግሞ አንተ የመጋዘን ጥበቃ ሥራ ያዝክና አሁን ቢነገር ምን ይጠቅማል አልኩ።

ለካ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ኖሯል። አንተ ጠዋት ሰሌዳው ላይ አሻራዬን አይተህ፣ ማንም ሳያይህ አንስተህ፣ በመሐረብ ጠቅልለህ ኪስህ ከትተሃል። አውቀህ ነው ጥፋቱ የእኔ ነው ያልከው። አውቀህ ነው ሰው መቁጠር አቃተኝ ያልከኝ። ጃኬቱንም ረስተኸው የሄድክ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አንተ ጃኬት የምትረሳ ሰው አይደለህም እላለሁ። እንዳገኘው ፈልገህ ነው? ወይስ ከአንተ ጋር ልትወስደው አቅቶህ ነው? ከጠዋት ጀምሮ ይህን ሳብሰለስል ዋልኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተናድጄብህማለሁ። ማን ለመነህ? ለእኔ ብለህ ከተራራህ ወርደህ፣ ከፍታ ማለት የመጋዘን መሰላል ብቻ የሆነበት ከተማ ተቀምጠህ፣ እኔን በዝምታህ አስረኸኛል። አንተ ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ፤ ሁለታችንም ለሌላው ያሰብን እየመሰለን አንድ ዓመት አቃጠልን። ይህን ስጽፍ ደግሞ አፍራለሁ። የዋልከውን ውለታ ቆጥሬ ስጨርስ መውቀስ መጀመሬ የእኔ ነገር ነው፤ ታውቀኛለህ።

አሥር ሰዓት ከሃያ።

አምስቱ ገቡ። እናትየዋና ሁለቱ ልጆቿ፣ አዲሶቹ ተጋቢዎችም፤ ውሃ እያንጠባጠቡ። ነርሷ ወንዙ ጋ ጉልበታቸው ከዳቸው አሉኝ። ቆቄ አምስቱን መገንጠያው ድረስ አምጥታ፣ መንገዱን ከምልክቱ እንዳይወጡ አስጠንቅቃ፣ ወደ ቀሩት ተመልሳለች። ትልቁ ልጅ የራሱን ታርጋ ሲገለብጥ እናቱ ለታናሽየውም ልትገለብጥለት እጇን ዘረጋች። እሱ ከለከላት። "ለሌላ ሰው እንዳትገለብጡ ብላናለች፤ ሦስት ጊዜ ነው የደገመችው" አላት።

ሦስት ጊዜ። ልጅህ ምን ታውቃለች? ምንም አታውቅም፤ ግን ሥራህን ከመልቀቅህ የተማረችው እሱን ነው። ሾርባ ቀዳሁላቸው። 

አምስት ነጭ፣ አምስት ቀይ።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ሰዓቱን አላየሁም።

ቶሎ ልጻፈው፤ ካቆምኩ አልጽፈውም።

ከባንከኞቹ ሁለቱ ደረሱ። ሦስተኛው፣ ያ ባለ አዲስ ጫማ፣ እግሩ ተልጦ ጫማውን አውልቆ በሸራ ጫማ ነው የሚሄደው፤ ነርሷን ደግፎ ከቆቄ ጋር ኋላ ቀርቷል። ጓደኛው አዲሱን ጫማ ክሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አመጣለትና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠለት። ከዚያ ሁለቱም ልብስ ሊቀይሩ ገቡ።

አስተናጋጃችን አምባሳደርን ታውቀዋለህ፤ ሦስት ሳህን ተሸክሞ ስድስት አገር የጎበኘ ይመስል የሚራመደውን። ጠረጴዛ ሲያሰናዳ ሰሌዳውን አየ፣ መደርደሪያውን አየ፣ የዋጋ ወረቀቱ የተለጠፈበትን ጫማ አየ። አየሁት ሲያየው። "ይሄ ሰውዬ መገልበጥ ረስቷል" አለና እጁን ወደ አራት ቁጥር ሰደደ።

"አትንካው!"

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሳህኑ ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። እናትየዋ ልጆቿን ያዘች፣ ሙሽራይቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አቶ ደንብ ከቢሮው ወጥቶ ምን ሆንሽ አለኝ። አምባሳደር ምንም አላደረግኩም፣ ታርጋ ልገለብጥ ነው አለ።

ልተወው እችል ነበር። ልጄ ውጭ ስላለች ደንግጬ ነው ብል ሁሉም ያምነኝ ነበር። ቃሉም አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

"ባለፈው ዓመት አሥራ አንድን የገለበጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ጫማውን አይቼ። ሰውየውን ሳላይ።"

ታርጋውን ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ አሳየሁት። አውራ ጣቴንም አጠገቡ ዘረጋሁ። አቶ ደንብ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ባልሽ ያውቅ ነበር ወይ ሲለኝ፣ ያውቅ ነበር፣ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ አልኩት። ብዙ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ ቀዮቹን ቆጠረ። ስለዚህ በኋላ እንነጋገራለን፣ አሁን ውጭ ሦስት ሰው አለ አለኝ። ከግድግዳው ላይ ደወሉን አወረደና ካፖርት እንኳ ሳይደርብ ደጅ ወጣ።

አሁንም እየደወለ ነው። ይሰማኛል። አምባሳደር ስብርባሪውን እየጠረገ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገቤ አስቀምጦልኛል። ዶሮውን ምድጃ ከትቼዋለሁ። የሚበላው ይኑር አይኑር ሳላውቅ ከተትኩት።

ፈጣሪዬ ሆይ፣ ልጄን አስገባልኝ። ሌላው እንደፈለገ ይሁን።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል።

ገቡ! ደህና ናቸው። ከላይ ያለውን ስታነብ ልብህ እንዳይቆም ይህን ከፊት ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ግን ስንቴ አንተን ስጠብቅ ያለፍኩትን አንተም አንድ ጊዜ ብታየው አይከፋም ብዬ ተውኩት።

ከጭጋጉ መጀመሪያ የታየኝ ጃኬትህ ነው። ያ ክንዱ ላይ በማይመሳሰል ክር የጠቀምኩት። ለአፍታ አንተ ነበር የመሰልከኝ። ነርሷ ናቸው። ቆቄ ደርባላቸው ራሷ በሹራብ ቀርታለች። ባንከኛው በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላው ወገን ደግፈው፣ በደወሉ ድምፅ እየተመሩ ነው የወረዱት። ደወሉን ባንሰማ ከመገንጠያው በታች መንገዱን ስተን ነበር አለች። ይህን ለአቶ ደንብ ስትነግረው ጉሮሮውን ጠረገና ደንቡ ላይ ያለ ነው አላት።

ነርሷ በራሳቸው እጅ ገለበጡ። ባንከኛው ገለበጠ። ቆቄ ሁሉንም አስቀድማ መጨረሻ ላይ ባለ ጫማ ታርጋዋን ገለበጠች። ሰሌዳው ነጭ ሆነ። ሰሌዳው ፊቷ እያለ ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች፤ ውሃው ከጸጉሯ ይንጠባጠባል።

"ሁሉም ገብቷል?" አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ዞርኩ። ጭልፋውን አስቀምጬ ወጣሁና ሰዎቹን በየፊታቸው ቆጠርኩ፤ ዘጠኙም አሉ። ልጄን ቆጠርኩ፤ አሥር።

"አልገባም" አልኳት። "አንድ ቀርቷል።"

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ታርጋውን አውጥቼ ዓመት ሙሉ ባዶውን በከረመው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፣ በቀዩ በኩል። እሷ ቀና አድርጋ ጀርባውን አየች። አሻራውን አየች። እጄን ይዛ አውራ ጣቴን አየች። ልጅህ እንደ ስሟ ንቁ ናት፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

"አባዬ ያውቅ ነበር?"

"ያውቅ ነበር።"

እጄን አልለቀቀችም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ ብትጮህም መብቷ ነበር። ከዚያ እጄን ለቀቀችና ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ አንድ ሳህን አንስታ በረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንተ ከምትቀመጥበት ወንበር ፊት አስቀመጠች። ማንኪያውን በግራ አደረገችው። ግራኝ መሆንህን አልረሳችም። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሾርባው ዛሬ ጨው በዛበት ያለ እንግዳ ካለ ምክንያቱን አልነገርኩትም።

እራት ተበላ። ባንከኛው ሦስት ጊዜ ደገመ፤ አልከለከልኩትም፣ ለጠዋትም አላስተረፍኩም። ነርሷ ከጃኬትህ ጋር አልለያይም ብለው እንደደረቡት ተቀመጡ።

ከእራት በኋላ አቶ ደንብ ቁልፉን ይዞ እንደ ልማዱ ሊዞር መጣ። ነገ ጠዋት ቢሮዬ ነይ ብሎኛል፤ አስተማሪውም ይህን የማወቅ መብት አለው ብሏል። እውነቱን ነው። ለአስተማሪው እኔ ራሴ እጽፋለሁ፣ በገዛ እጄ። ነገ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ሊያሰናብተኝ ይችላል። ይህን ደብዳቤ የአትክልት መኪናው ሹፌር ይዞልኝ ሲወርድ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሻንጣዬን ይዤ ልሆን እችላለሁ። እፈራለሁ፤ አልዋሽህም። ግን ዓመት ሙሉ የፈራሁት ዓይነት ፍርሃት አይደለም፤ በዚህኛው እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኛል።

አቶ ደንብ ሰሌዳው ጋ ሲደርስ ቆመ። በአሥራ አንድ ቁጥር አልጋ የተመዘገበ እንግዳ የለም አለኝ። የለም አልኩት፣ የወጣ ሰው ግን አለ። ታርጋውን አየው፣ በሩን አየው፣ እኔን አየኝ። ቁልፉን እጁ ላይ ሁለት ጊዜ አገላበጠው። ከዚያ ኪሱ ከተተውና ደህና እደሪ ብሎኝ ወደ ክፍሉ ሄደ።

የምትጠብቀው መጋዘን አንድ ሌሊት ያለ ጠባቂ ይደር፤ አንተን ግን ላይ ያለው ጠባቂ አይለይህ። እግርህ አይሰናከል። ጭጋግ ሳይዝህ፣ ዝናብ ሳይቀድምህ በሰላም ያግባህ።

አሥራ አንድን እኔ አልገለብጠውም። ልጅህም አትገለብጠውም። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ያወጣኸው አንተ ነህ። የበሩ መብራት እንደበራ ነው፣ በሩም አልተቆለፈም።

የቆቄ እናት